ሣሩ ሲረዝም የጠፋው ቢራቢሮ

[ምስል፦ ፀሐይ የሚመታው ተዳፋት፣ አጭር ሣር፣ ካሜራው መሬት ለመሬት]

እስቲ ጎንበስ ብለን እንይ። ለእኛ ይሄ ሣር ነው፣ በቃ። ለአንዲት ጉንዳን ግን ጫካ ነው። ሣሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከረዘመ ከሥሩ ያለው አፈር ፀሐይ አያገኝም፣ ይቀዘቅዛል፤ ሙቀት የለመደችው ጉንዳንም እዚያ መኖር ያቅታታል። ዛሬ የማወራችሁ እንዲህ ስላለው፣ ዓይናችን ስለማይዘው ልዩነት ነው። የትኛው ነፍሳት የት እንደሚኖር የሚወስነው እሱ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ተፈጥሮ መልሳ እንድትነሣ የሚያደርጋትም እሱ ነው።

[ምስል፦ ሰማያዊ ክንፍ፣ ጥቁር ነጠብጣቦች]

እንግሊዝ ውስጥ ትልቁ ሰማያዊ የሚባል ቢራቢሮ ነበር። አኗኗሩ ጉድ ያሰኛል። እናትየው እንቁላሏን የዱር ጦስኝ አበባ ላይ ትጥላለች። አባጨጓሬው ሁለት ሦስት ሳምንት አበባውን ሲበላ ይቆይና መሬት ላይ ይወድቃል። እዚያ አንዲት ቀይ ጉንዳን ታገኘዋለች። ጠረኑ የራሷን እጭ ስለሚመስላት አንጠልጥላ ቤቷ ታስገባዋለች። እሱ ታዲያ ወደ 10 ወር ገደማ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የጉንዳኖቹን እጮች እየበላ ይፋፋል፤ ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይሄዳል።

ቢራቢሮው እየቀነሰ ሲመጣ ሰዎች ጥፋተኛ ያደረጉት ቢራቢሮ ሰብሳቢዎችን ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ አጥር አጠሩ። አጥሩ ግን ሰብሳቢዎቹን ብቻ ሳይሆን የሚግጡትን ከብቶችም አስቀረ። ጦስኙ እንዳለ ቢራቢሮው ጠፋ። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥንቸሎችን የፈጀ በሽታ መጣ። የሚግጠው ሲጠፋ ሣሩ ረዘመ፣ አፈሩ 2 ወይም 3 ዲግሪ ቀዘቀዘ፣ ያቺ ጉንዳንም ቦታዋን ለሌሎች ጉንዳኖች ለቀቀች። ጄረሚ ቶማስ የተባለ ተመራማሪ ምስጢሩን ሲደርስበት ረፍዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ቢራቢሮው ከብሪታንያ ጠፋ። እኔን ሁሌም የሚከነክነኝ አጥሩ ነው፤ ሰዎቹ እኮ ከልባቸው ወደውት ነበር ያጠሩት።

ደግነቱ ታሪኩ እዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከስዊድን አምጥተው፣ ሣሩን በከብት እያስጋጡ መለሱት። ዛሬም ይበራል።

[ምስል፦ የወደቀ ግንድ፣ ልጡ ሲላጥ]

አሁን ይሄን አስቡና አንድ ጫካ ተመልከቱ። የበሰበሰ ግንድ ውስጥ እንጨት እየቦረቦሩ የሚያድጉ ጥንዚዛዎች አሉ፤ ግንዱ «ለጽዳት» ከተነሣ አብረው ይነሣሉ። ኩሬው ዳር ሌላ ዓለም አለ። ባዶው አፈር ላይ ደግሞ ንቦች። አዎ፣ ንቦች! ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያ አለ፤ አብዛኞቹ ቀፎ የሚባል አያውቁም፣ መሬት ቆፍረው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። አንድ ዓይነት ሰብል ብቻ የተዘራበት ሰፊ ማሳ አረንጓዴ ቢሆንም ለእነሱ ባዶ ቤት ነው።

ይሄ ሁሉ ዓይነት ምን ያደርጋል? አበባ የፈካበት ቀዝቃዛ ጠዋት አስቡ። የማር ንብ ብርድ ላይ ከቀፎዋ አትወጣም። ጸጉራሞቹ ትልልቅ ንቦች ግን የክንፍ ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ሰውነታቸውን ያሞቁና ይወጣሉ። አንዷ በቀረችበት ቀን ሌላዋ ሥራውን ትይዛለች፣ ፍሬውም ያፈራል። ግን ሁለቱም እንዲኖሩ የሁለቱም ቤት መኖር አለበት። በዓለም ላይ ካሉት ዋና ዋና የምግብ ሰብሎች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ቢያንስ በከፊል በእንስሳት የአበባ ብናኝ ማዳረስ ላይ የተመረኮዙ ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ የማዕዳችን ጉዳይ ነው።

[ምስል፦ ባሕር መሃል ያሉ ትንንሽ የማንግሮቭ ደሴቶች]

ሌላው ጥያቄ ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዳንኤል ሲምበርሎፍ እና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ትንንሽ የማንግሮቭ (ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ደሴቶችን በሸራ ሸፍነው፣ በመርዝ ጋዝ ነፍሳቱን በሙሉ አጠፉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ቆጠሩ። ዓመት ሳይሞላ በአብዛኞቹ ደሴቶች የዝርያው ቁጥር ወደነበረበት ተጠጋ። የመጡት ግን የግድ የድሮዎቹ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ አዲስ ነዋሪዎች ናቸው። ከሁሉ የራቀችው ደሴት ደግሞ ወደኋላ ቀረች። ማገገም ማለት እንግዲህ ይሄው ነው፦ ቅርብ ያለ ጎረቤት ይልክልሃል። ጎረቤት ከሌለ ትጠብቃለህ።

ለዚህ ነው የጀርመኑ ወሬ ያስደነገጠኝ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በ63 ጥብቅ ቦታዎች በ27 ዓመት ውስጥ የበራሪ ነፍሳት ጠቅላላ ክብደት ከ75 በመቶ በላይ መቀነሱን አሳየ። ጥብቅ ቦታዎች ናቸው እኮ! ግን አብዛኞቹ ዙሪያቸውን በእርሻ የተከበቡ ናቸው፤ እነሱም ደሴት ሆነዋል ማለት ነው።

[ምስል፦ ባዶ አፈር፣ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ]

ፀሐያማ ጠዋት ላይ ሣር ያልያዘው አፈር ላይ እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ ካያችሁ፣ አትድፈኗት። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ። መጀመሪያ ሁለት አንቴናዎች ብቅ ይላሉ። ከዚያ የንቢቱ ፊት። ጥላችሁን ካየች ትመለሳለች፤ ዝም ካላችሁ ግን ትወጣና ቀዳዳዋን ዞር ዞር እያለች ታየዋለች፣ ስትመለስ እንዳይጠፋት።