ሳልገዛው የሰደብኩት ጌም

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አመሻችሁ።

ከሁሉ በፊት ልናዘዝ። በ2021 አንድ ጌም በአደባባይ ሰድቤአለሁ። ጌሙን ግን አልገዛሁትም ነበር። አትሳቁ፣ ገና ነው።

ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው። የማመሰግናቸው ያንን የሰደብኩትን ጌም የሠሩት ሰዎች ናቸው፤ እዚህ የሉም፣ ስፔን ናቸው። ይህን ንግግርም አይሰሙትም። ስሰድባቸው ፊታቸው ስላልነበርኩ፣ ሳመሰግናቸውም ፊታቸው መቆም አይጠበቅብኝም። ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ጌሙ የሚያውቀው እሱን ነው።

የሰደብኩት የዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ተጨማሪ ክፍል ነው። ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4ን ለማታውቁት፦ የኮምፒውተር ጌም ነው፣ ባጭሩ ካርታ። ኖቬምበር 11 ቀን 1444 ይጀምራል። አገር ትመርጣላችሁ፣ ታስተዳድራላችሁ፣ ትዋጋላችሁ፣ ትዳራላችሁ። ኢትዮጵያን ከመረጣችሁ ዙፋኑ ላይ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን ታገኛላችሁ። በታሪክ ዘርዓ ያዕቆብ በ1445 የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ጎሚት ላይ ድል አድርጓል። እኔ በመጀመሪያ ጨዋታዬ አዳል ጠራርጎ በላኝ። አያቴ ታሪክ ይወዱ ነበር፤ እንኳን አላዩኝ።

ጌሙ የወጣው በ2013 ነው። ከዚያ በየጊዜው ተጨማሪ ክፍል እየተሠራ ይሸጥለት ነበር። ኤፕሪል 27 ቀን 2021 ሌቪያታን የተባለው ወጣ። ያልበሰለ ነበር። ለምሳሌ ዋና ከተማን ለማሳደግ የገባው አሠራር ልክ አልነበረውም። ተጫዋቾች የየአውራጃውን ሀብት እየጠቡ አንድ ከተማ ላይ እንደ እህል ክምር ቆለሉት። ባጉ፣ ማለት የፕሮግራሙ ስህተት፣ ብዙ ነበር። ስቲም በተባለው የጌም መሸጫ ላይ እስከዚያ ድረስ በጣም ዝቅተኛ ግምገማ ካገኙት አንዱ ሆነ።

እኔስ? ካፌ ቁጭ ብያለሁ፣ በሰው ዋይፋይ። ሰው ሲሳደብ አየሁ፣ ደሜ ፈላ። «ሌቦች» ብዬ ጻፍኩ። ሌላም ጽፌአለሁ፣ እዚህ እናቶች ስላሉ ይቅር። «ቆይ፣ አንተ ገዝተኸዋል?» ያለኝ አንድ ሰው የለም። ላይክ ብቻ ዘነበልኝ። ማኪያቶዬን ጨርሼ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

እንዳትሳሳቱ፣ የገዙት ሰዎች መናደዳቸው ልክ ነበር። ጥሬ ወጥ አቅርቦ ሙሉ ሂሳብ መቀበል አያምርም። ግን ነገሩ እንዴት እንደተበላሸ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሰፈራችን ያለውን አሮጌ ግቢ አስቡት። መጀመሪያ አንድ ቤት ነበር። ቀጥሎ ሰርቪስ ተሠራ፣ ከዚያ ሌላ ሰርቪስ፣ በላዩ ደግሞ ቆርቆሮ። ዛሬ አንዱ ክፍል ምስማር ስትመቱ የጎረቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል። የስምንት ዓመት ጌም እንደዚያ ነው። የሠሩት ልጆች ደግሞ ለግቢው አዲስ ናቸው። ፓራዶክስ ቲንቶ የተባለው የስፔኑ ስቱዲዮ የተቋቋመው በ2020 ነበር፤ በዚያ በኮሮና ዓመት።

ቀጥሎ የሆነው ነው እዚህ ያቆመኝ። የስቱዲዮው ኃላፊ ዮሃን አንደርሶን ይቅርታ ጠየቀ፣ ጥፋቱንም ራሱ ላይ ወሰደ። እኛ ጋ አለቃ ሲያጠፋ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፦ «አንዳንድ ክፍተቶች ነበሩ።» ክፍተቱን ማን እንደከፈተው አይነገርም። ሰውዬው ግን እኔ ነኝ አለ።

ከዚያ ፓች፣ ማለት ማስተካከያ፣ ከፓች በኋላ ፓች። ይሄ ጭብጨባ የሌለው ሥራ ነው። ባግ ሲጠፋ ማን ያያል?

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ እነዚሁ ሰዎች ኦሪጅንስ የተባለውን ሌላ ተጨማሪ ክፍል አወጡ። ስለ አፍሪካ። ለኢትዮጵያ የራሷ ተልእኮዎች ተሠሩላት። ሰሜን የተባለው የቤተ እስራኤል መንግሥትም አልተረሳም፤ የአይሁድ እምነት የራሱን አሠራር አገኘ። እስራኤል ያለች የአክስቴ ልጅ ሰሜንን ይዛ ገጠመችኝ። ምን እንዳደረገችኝ አልነግራችሁም። ስክሪንሹቱ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አለ።

ሌቪያታንንስ? በቅናሽ ገዛሁት። የተጫወትኩት ከሰደብኩት በኋላ መሆኑ ነው። እና ታላላቅ ቅርሶችን በገንዘብ ደረጃ በደረጃ የማሳደጉ ነገር የመጣው በዚያ በተጠላው ክፍል ነው። ዛሬ ካርታው ላይ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ግምጃ ቤቴን አራግፌ፣ ጦሬን ቀንሼ፣ ላሊበላ ላይ አወጣለሁ። አዳል ድንበር ላይ ቆሞ ያየኛል። ይየኝ።

ስቱዲዮው በኖቬምበር 2025 ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 5ን አወጣ። አሁን የሚጀምረው በ1337፣ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነው። ከመውጣቱ በፊት የየአካባቢውን ካርታ ለተጫዋቾች እያሳዩ «የተሳሳትነውን ንገሩን» ሲሉ ነበር፤ አርመውም መልሰው አሳዩ። ይሄ ከሌቪያታን የመጣ ትምህርት ይሁን አይሁን ምዬ አልናገርም። ለኔ ግን ይመስለኛል።

አዳራሹ ውስጥ ጌም የምትሠሩ ልጆች እንዳላችሁ አያለሁ። ያ ጥግ ላይ ላፕቶፑን ያልዘጋኸውም ጭምር። ጌማችሁ ሲወጣ ይሰበራል። ያን ቀን ከኔ ስድብ አይመጣላችሁም። መጀመሪያ እገዛዋለሁ። ከዚያ ባጉ የት እንደመጣ፣ ምን ስጫን እንደመጣ፣ ስልኬ ምን እንደሆነ ጽፌ እልክላችኋለሁ። ካስፈለገ ስክሪንሹት አለው።

አሁን ልሂድ። ላሊበላዬ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። መብራት ካልጠፋ ዛሬ ማታ ሦስተኛውን እጀምራለሁ።

አመሰግናለሁ።