አራት ፍሬ ቡና

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከቤቴ ነው፣ ከባሕር ዳር። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ፤ ባጃጅ ሲያልፍ ብትሰሙ ይቅርታ።

ስለ ኳስ ላወራችሁ ነው፣ ስለ ደጋፊ። ከተማ ቡድኑን እንዴት ነው የሚደግፈው? በተለይ ቡድኑ አጠገቡ በሌለ ጊዜ?

መጀመሪያ ግን አጠገባችን በነበረ ጊዜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኅዳር 9 ቀን 2012፣ ማክሰኞ። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ እዚሁ ባሕር ዳር ስታዲየም አይቮሪኮስትን የገጠሙበት ቀን ነው። ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ ጎል ገባብን። ስታዲየሙ ጭጭ አለ። ወዲያው ግን ከማዶ ጥግ ከበሮ ተመታ፣ ጭብጨባው እየዞረ እኛ ጋ ደረሰ። እኔም ሳላስበው ተነሥቼ ቆሜያለሁ። ከዚያ ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገን። ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረ። 2 ለ 1 አሸነፍን።

ሱራፌል ያኔ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ተጫዋች ነበር። እኛና ጎንደሮች በሊጉ ስንገናኝ ያለውን ግለት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያን ቀን አጠገቤ የነበረ ልጅ ግን የባሕር ዳር ከነማን ማልያ እንደለበሰ «ሱራፌልዬ! የኔ ጌታ!» እያለ ያለቅስ ነበር። ያን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስንወጣ መንገዱ ሁሉ ጥሩምባ ነው፣ ጭፈራ ነው። ዘምባባው ሥር ጀበና ይዛ የምትቀመጥ ልጅ ቡና አጠጣችን። ሂሳብ ስንላት «ዛሬ የደስ ደስ ነው፣ ሂዱ» አለችን። ለሷ እኮ የዕለት ገቢዋ ነው።

እንግዲህ ይሄ ቀላሉ ድጋፍ ነው። ስታዲየሙ አለ፣ ቡድኑ አለ፣ ጉሮሮ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የኛው ከነማ፣ የጣና ሞገዶቹ፣ በ2010 ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲያድጉ ከተማው ያበደውን አስታውሳለሁ። ብዙም ሳይቆይ ኮሮና መጣ። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ መካሄድ ጀመረ። ለባሕር ዳርም የደረሰበት ጊዜ አለ፤ የ2015 ውድድር የተጀመረው እዚሁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቡድናችንን የምናየው በዲኤስቲቪ ነበር። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ። አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ። ከአዲስ አበባ በኋላ ደግሞ ሌላ መንገድ ይቀጥላል። ይሄን መንገድ ከኪሳቸው ከፍለው፣ ማልያቸውን ለብሰው፣ ሌሊት የሚነሡ ልጆች አሉ። እነሱን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ደሞዝተኛ አይደሉም፣ አብዛኞቹ የቀን ሥራ የሚሠሩ ናቸው። ክብር ለነሱ።

በዚያው በ2015 ከነማ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር እስከ መጨረሻው ተናንቆ ሁለተኛ ሆነ። የኮንፌዴሬሽን ካፕ ቲኬት ተገኘ። አፍሪካ ልንወጣ ነው! ሰፈር ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ማን ይደርሰን ይሆን፣ ስንት ሰው ይሄዳል፣ መዋጮው እንዴት ይሁን።

ነሐሴ ሲመጣ ሁሉም ነገር ተቀየረ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ፣ ሰዓት እላፊ፣ ተኩስ። ኢንተርኔት ጠፋ። የደረሰን የታንዛኒያው አዛም ነው። የሜዳችን የሚባለውን ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ ተጫውተን 2 ለ 1 አሸንፈናል። መልሱ ዳሬሰላም ነው።

የመልሱን ጨዋታ ዕለት ከእማዬ ጋር ቤት ነበርን። ኢንተርኔት የለም። ስልክ ግን እየተቆራረጠም ቢሆን ይሠራል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ እየተከታተለ ይደውልልኛል። ይቆረጣል፣ መልሶ ይደውላል። እነሱም 2 ለ 1 አሸነፉንና ወደ መለያ ምት ተሄደ።

እማዬ ኳስ አታይም። ስንት ተጫዋች እንደሚገባም አታውቅም። ያን ቀን ግን ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ልትቆላው የለቀመችው ጥሬ ቡና ሰፌዱ ላይ አለ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «አገባ!» ስል አንድ ፍሬ አንሥታ በቀኟ ታስቀምጣለች። «እነሱም አገቡ» ስል አንድ ፍሬ በግራዋ። መሐል ላይ መስመሩ ተቋረጠ። ያቺን ዝምታ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? እማዬ ፍሬዎቹን እያየች «እመቤቴ፣ ለነዚህ ልጆች ድረሽላቸው» ትላለች። እኔ ስልኩን አያለሁ።

ስልኩ ጠራ። የአክስቴ ልጅ እየጮኸ ነው፣ የሚለው አይሰማም። ግን ጩኸቱ የደስታ ነበር። እማዬ አራተኛዋን ፍሬ በቀኟ አኖረች። በግራ ሦስት ናቸው። 4 ለ 3!

መንገድ ላይ ወጥቶ መጨፈር አይቻልም። ጥሩምባ የለም፣ ባጃጅ የለም። ትንሽ ቆይቶ ግን ከጎረቤት ግቢ እልልታ ተሰማ። ቀስ ያለ፣ የፈራ እልልታ። ከዚያ ራቅ ካለ ግቢ ሌላ። ለካ እነሱም ስልክ ላይ ነበሩ! እማዬም ተነሥታ በሩን ከፈት አድርጋ እልል አለች። ለከነማ እልል ስትል ያየኋት የመጀመሪያዬ ነው።

በቀጣዩ ዙር የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን አስቀረን። አዘንኩ፣ አልዋሻችሁም። ግን ስለ ድጋፍ ሲወራ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የሞላው ስታዲየም ሳይሆን ያቺ ከአጥር ወዲያ የመጣች እልልታ ናት። ተጫዋቾቹ አልሰሟትም። ሊሰሟትም አይችሉም ነበር። ይህን ዝግጅት የምትሰሙ የዚያ ቡድን ልጆች ካላችሁ ዛሬ ልንገራችሁ፦ እልል ተብሎላችኋል፣ በየግቢው።

እማዬ ፍሬዎቹን ማታውኑ መልሳ ሰፌዱ ላይ ልትቀላቅላቸው ስትል «ተይ» አልኳት። አራቱን ወሰድኩ። አሁን እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የስኳር ብልቃጥ ውስጥ አሉ።