ካርታውን ሳታዩ አትፈርሙ፦ ስለ ገጠር መሬት አጠቃቀም ዕቅድ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«ለቀበሌያችን የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ይወጣል ተብለን ተሰበሰብን። ገለጻ ሰምተን የስም ዝርዝር ላይ ፈረምን። ይሄ ተሳትፎ ነው?»

አይደለም። ፊርማው መገኘታችሁን ብቻ ነው የሚያሳየው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰባችሁን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳብ እንድትሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ሐሳቡ የሚጠቅመው ደግሞ የትኛው መሬት ለእርሻ፣ ለግጦሽ ወይም ለደን እንደሚውል የሚያሳየው የዕቅዱ ካርታ ረቂቅ ሳለ ነው። ስለዚህ ረቂቁ ይዘርጋና በየጎጣችሁ ሆናችሁ የበጋ ግጦሹን፣ ምንጩን፣ ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበትን መንገድ አመልክቱ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ከሌሉ ይህ ሥራ ጎዶሎ ነው። በበጋ የተነሣ የሳተላይት ምስል ክረምት ውሃ የሚተኛበትን ረግረግ ደረቅ ሜዳ አስመስሎ ያሳያል። የከብት መውረጃው ተዘንግቶ ቦታው ለደን ከተከለለ ደግሞ ከብቱ መጠጣት አለበትና ክልሉ አይከበርም።

«ማሳህ ተዳፋት ነው፣ ጤፍ አትዘራበትም አሉኝ። እውነት መሆኑን በምን ልወቅ?»

ራስዎ ይለኩት። 2 ሜትር ገመድ፣ አንድ ቀጥ ያለ እንጨትና የግንበኛ ውሃ ልክ ይበቃል። የገመዱን አንድ ጫፍ ከላይ በኩል መሬት ያስነኩ፤ ሌላውን ቁልቁል በቆመው እንጨት ላይ ወጥረው ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ከፍ ዝቅ ያድርጉት። በእንጨቱ ላይ ከመሬት እስከ ገመዱ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 30 በመቶ፣ 1 ሜትር ከ20 ከሆነ 60 በመቶ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ለክተው አይተዉት፤ አምስት ቦታ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ።

በገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በተቀመጠው ወሰን ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው መሬት ዓመታዊ ሰብል ይዘራበት የነበረው ጠረጴዛማ እርከን (እንደ ደረጃ የተደለደለ እርከን) ከተሠራለት ብቻ ነበር፤ ከ60 በላይ ግን እርሻም ልቅ ግጦሽም አይፈቀድም ነበር። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ስለተተካ ውሳኔው የትኛውን አንቀጽና የክልል ደንብ እንደሚጠቅስ ያስጽፉ።

ብዙ ስሕተት የሚመጣው ከመለኪያው ነው። ክሊኖሜትር የሚባለው የተዳፋት መለኪያ መሣሪያ ዲግሪም በመቶኛም ያሳያል፤ ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም፤ 60 በመቶ 31 ዲግሪ ገደማ ነው። የእርስዎን 40 በመቶ በስሕተት 40 ዲግሪ ብሎ የመዘገበ ሰው ማሳዎን ወደ 84 በመቶ ያወጣዋል፤ በእርከን የሚታረሰው መሬት የተከለከለ ሆኖ ቁጭ ይላል።

«ቅሬታዬን በስብሰባ ተናገርኩ፤ ካርታው ግን እንዳለ ነው።»

በጽሑፍ ያድርጉት። በመሬት ይዞታ ደብተርዎ ላይ ያለውን የማሳ መለያ ቁጥር፣ የለኩትን ተዳፋትና የሚጠይቁትን ለውጥ ጽፈው ለቀበሌው መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ይስጡ፤ በቃለ ጉባኤው መያዙን በዓይንዎ ይዩ። ማሳው የባልና የሚስት ከሆነ ሁለታችሁም ፈርሙ። ቅጂውን ቀን አስጽፈውና ማኅተም አስመትተው ይያዙ፤ ወደ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።