ጥቁር ናፍጣ፣ ነጭ ደመና

ጌትነት፦ ከደብረ ብርሃን እንደምን ከረማችሁ! ዛሬ የመርከብ ጭስ የባሕሩን አየር ምን እንደሚያደርገው እናወራለን። ወደብ የሌለን ሰዎች ምን አገባን የሚል አይጠፋም።

ወይንሸት፦ ማሳችን ላይ የምንበትነው ማዳበሪያ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ አይደል የሚመጣው? መርከቧ የምታነደው ደግሞ ጥቁር ናፍጣ ነው፤ ድፍድፉ ሲጣራ ከታች የሚቀረው አተላ። በፈረንጆቹ እስከ 2019 ማብቂያ 3.50 በመቶ ድኝ ይፈቀድበት ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ወዲህ 0.50 በመቶ ሆነ። አንድ ኪሎ ድኝ ሲነድ ሁለት ኪሎ የድኝ ጋዝ ይወጣዋል። ስለዚህ መቶ ቶን ነዳጅ ያኔ እስከ 7 ቶን ጋዝ ያወጣ ነበር፤ አሁን ቢበዛ 1 ቶን።

ጌትነት፦ ሰባት ቶን! በይ እስቲ ወደ ደመናው...

ወይንሸት፦ ቆይ፣ የነዳጁ አቀያየር ይቅደም። ሜዲትራኒያን ላይ ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የድኙ ወሰን 0.10 በመቶ ነው። ከጅቡቲ በስዊዝ የምትወጣ መርከብ እዚያ ሳትደርስ ድኙ ወደ ቀነሰው ቀጭን ናፍጣ መዞር አለባት። ጥቁሩ ካልሞቀ አይፈስም፤ 130፣ 140 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል። ቀጭኑ 40 ዲግሪ ይበቃዋል። ሙቀቱ በደቂቃ ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳይወርድ!

ጌትነት፦ ከ140 ወደ 40፣ ሃምሳ ደቂቃ ማለት ነው። ቢቸኩሉስ?

ወይንሸት፦ የነዳጅ ፖምፓው ብረቶች እኩል አይቀዘቅዙም፣ ቀጭኑ ናፍጣም እንደ ጥቁሩ አያለሰልስም። ፖምፓው ይጣበቅና ሞተሩ መሀል ባሕር ላይ ይጠፋል። ሃምሳ ደቂቃው ደግሞ ለሙቀቱ ብቻ ነው። ታንከሩ ውስጥ 0.50 በመቶ ድኝ ያለው 10 ቶን ቀርቶ፣ 0.08 በመቶ ያለው 90 ቶን ቢጨመርበት 0.122 ይሆናል። ወሰኑን አለፈ! ለዚህ ነው ከብዙ ሰዓት በፊት የሚጀመረው። ሁለቱ ነዳጆች ካልተስማሙ ደግሞ ዝቃጭ ይወርድና ፊልትሮው ይደፈናል።

ጌትነት፦ ጭስ ማጠቢያ ይግጠሙና ይገላገሉ።

ወይንሸት፦ የገጠሙ ብዙ መርከቦች አሉ። የባሕር ውሃ ጭሱ ላይ ይረጫል፣ ያጠበበት ውሃ ተመልሶ ባሕር ይገባል። ከአየር ወደ ውሃ ማዘዋወር ነው።

ጌትነት፦ ለሚተነፍሰው ሰው ግን ይሻላል።

ወይንሸት፦ ለሳንባው አዎ፤ ለዓሣው አይመስለኝም።

ጌትነት፦ እኔ ሳንባውን አስቀድማለሁ። ደመናውስ?

ወይንሸት፦ ክረምት ጣርማ በር ላይ የሚተኛውን ጉም አስበው። ጠብታ ብናኝ ይዞ ነው የሚፈጠረው። የድኝ ብናኝ ሲበዛ ያው ውሃ ለብዙ ጥቃቅን ጠብታ ይከፋፈላል፤ ደመናው ይነጣል፣ ፀሐይን ይመልሳል። ከመርከቦች ኋላ በሳተላይት የሚታየው ነጭ መስመር ከ2020 ወዲህ በጣም ቀንሷል።

ጌትነት፦ ታዲያ ሲቀንስ ባሕሩ አይሞቅም?

ወይንሸት፦ ይሞቃል፤ ምን ያህል የሚለው ያከራክራል። ድኙ ግን በቀናት ውስጥ ይወርዳል፣ ካርቦኑ ለዘመናት ይቆያል። በጭስ መቀዝቀዝ የማያዛልቅ ነገር ነው።

ጌትነት፦ ከጭሱ ጋር የሚወጣው የናይትሮጅን ጋዝስ?

ወይንሸት፦ እሱ ከሞተሩ ግለት ስለሚመጣ በነዳጅ ቅየራ አይጠፋም። ዩሪያ ነው መድኃኒቱ! የማሳችን ዩሪያ ዘመድ፣ ንጹሑ፣ በውሃ ተበጥብጦ ጭሱ ላይ ይረጫል። ጭሱ ቀዝቀዝ ካለና ድኝ ካለበት ግን ጨው ይሠራና መሣሪያውን ይደፍነዋል።

ጌትነት፦ እዚህም ድኙን ማውጣት ይቀድማል ማለት ነው።

ወይንሸት፦ ይቀድማል።