በባንክ ሐራጅ የወጣ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት

(በስክሪኑ ላይ፦ በሠንጠረዥ የተሞላ የጋዜጣ ገጽ)

ይህን ገጽ ታውቁታላችሁ። ሪፖርተርን ወይም አዲስ ዘመንን ስትገልጡ ታገኙታላችሁ። አናቱ ላይ «የሐራጅ ማስታወቂያ» ይላል። ብዙ ሰው ዐይኑ ቀጥታ ዋጋው ላይ ያርፋል። «እንዴ! ቦሌ፣ 200 ካሬ፣ በዚህ ዋጋ?» ይልና ፎቶ አንስቶ ለጓደኛው ይልካል።

እኛ ግን ዛሬ ከግራ ጀምረን ቀስ ብለን እናንብበው። ቤቱን በደህና የምትገዙት ሐራጁ ከመድረሱ በፊት ባሉት ቀናት ነው። በዕለቱ እጅ ማውጣት ቀላሉ ሥራ ነው።

ባንኩ የሰው ቤት የመሸጥ ሥልጣን ከየት አገኘ? ከአዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ቀኑ ካለፈ ፍርድ ቤት መክሰስ ሳያስፈልገው መያዣውን በሐራጅ ይሸጣል። አዋጁ በ1992 በቁጥር 216 ተሻሽሏል። ማስታወቂያው አናት ላይ የሚደረደሩት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው።

(በስክሪኑ ላይ፦ «ተበዳሪ» እና «ንብረት አስያዥ» የሚሉት ዓምዶች ይሰመርባቸዋል)

እነዚህን ሁለት ዓምዶች ሰው ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው። ሁለቱም ጋ ያለው ስም አንድ ከሆነ ሰውየው በራሱ ቤት ተበድሯል ማለት ነው። ስሞቹ ከተለያዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አባት ለልጁ ንግድ ወይም እህት ለወንድሟ ብላ ቤቷን አስይዛ ሊሆን ይችላል። ብሩን ያልበላ ሰው ቤቱን እያጣ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ቁጣም ኀዘንም ይኖራል። ስትገዙ ይህን አውቃችሁ ግቡ።

ቀጥሎ የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋትና አገልግሎት ይመጣሉ። «አገልግሎት» የሚለው ቤቱ ለመኖሪያ ነው ወይስ ለንግድ የሚለውን ይነግራችኋል። ለንግድ ከሆነ ቫት የሚጠይቁ ማስታወቂያዎች ስላሉ በብር ደረጃ ለውጥ ያመጣል። ይዞታው ሊዝ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለ ቀሪ ሊዝ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። «ለመንግሥት የሚከፈል ማናቸውም ክፍያና የስም ማዛወሪያ በገዢው ይሸፈናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ከሠንጠረዡ ሥር በትንሽ ፊደል ተጽፎ ታገኛላችሁ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ ገንዘብ ናት።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። የተጻፈው መነሻ ዋጋ ነው፤ መጨረሻው ስንት እንደሚሆን ማንም አያውቅም። እንበል መነሻው 8 ሚሊዮን ብር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለመጫረት የመነሻውን ሩብ፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ብር፣ በሲፒኦ (ባንክ አረጋግጦ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) አሠርታችሁ ትቀርባላችሁ። ፉክክሩ በረታና በ11 ሚሊዮን አሸነፋችሁ። ቀሪውን 9 ሚሊዮን ብዙ ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ ታስገባላችሁ። ካላስገባችሁ ያስያዛችሁት 2 ሚሊዮን አይመለስም። አንዳንድ ባንክ መስፈርት ለሚያሟላ ገዢ ብድር ያመቻቻል። ይህን ግን ከሐራጁ በፊት ቅርንጫፉ ሄዳችሁ ጨርሱ። ካሸነፉ በኋላ ብድር ፍለጋ መሯሯጥ ሰው ያሳምማል።

(በስክሪኑ ላይ፦ የግቢ በር፣ የተዘጋ)

ቤቱን ሂዱና እዩት። ማስታወቂያው ላይ የጉብኝት ቀን ወይም የባንኩ ስልክ ይኖራል። የሚያውቅ መሐንዲስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሜትርም ያዙ። ካርታው ላይ የሌለ ሰርቪስ ቤት ወይም ከወሰን ያለፈ አጥር የምታገኙት እዚያው ነው። ከዚያ ጎረቤት አናግሩ። ጎረቤት ካርታ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል፦ ውሃው ስንት ቀን ይጠፋል፣ ወሰን ላይ ጠብ አለ ወይ፣ ውስጥ ማን ይኖራል።

ውስጥ ማን ይኖራል የሚለው ትልቁ ጥያቄ ነው። ተበዳሪው ከነቤተሰቡ ሊኖር ይችላል። ተከራይም ሊሆን ይችላል። ባንኩን «ቤቱን ባዶውን ታስረክቡኛላችሁ ወይ? መቼ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። ማስታወቂያው ስለ ርክክብ ምንም ካላለ፣ ዝምታው ለእናንተ የሚያደላ አይምሰላችሁ። በሩን አንኳኩታችሁ ከገባችሁ ደግሞ እባካችሁ በትሕትና ይሁን። ሻይ የሚያፈላ ሰው ፊት ግድግዳ እየለኩ ስለ ዋጋ ማውራት ነውር ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ለክፍለ ከተማው መሬት አስተዳደር ስጡ። ቦታው መንገድ ወይም መልሶ ማልማት ይነካው እንደሆነ ጠይቁ። በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ፣ ይህን ሳያጣሩ ሩብ ማስያዝ ድፍረት ነው።

«ስንተኛ ሐራጅ ነው?» የሚለውንም እዩ። በመጀመሪያው ገዢ ካልተገኘ ሁለተኛ ይወጣል። በሁለተኛውም ሰው ካልመጣ ባንኩ በመጀመሪያው ሐራጅ መነሻ ዋጋ ራሱ ሊረከበው ይችላል። ያኔ ቤቱ በእርግጥም የባንክ ቤት ሆነ ማለት ነው። ባንኩ በኋላ የራሱ ንብረት አድርጎ ለሽያጭ ያወጣዋል። እንደ እኔ ከሆነ፣ ለጀማሪ ገዢ ይህ ይሻላል። የምትደራደሩት ከባለቤቱ፣ ከራሱ ከባንኩ ጋር ስለሆነ ጥያቄ ለመጠየቅም ፋታ አለ።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ነገር። ዜግነት ቀይራችሁ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካላችሁ፣ አዋጅ ቁጥር 270/1994 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንድትሆኑ ይፈቅዳል። በወኪል የምትጫረቱ ከሆነ ውክልናውን ቀድማችሁ አሠሩ። ወረቀቱ ላይ «በሐራጅ መጫረት፣ ዋጋ ማቅረብ፣ ንብረት መረከብ፣ ስም ማዛወር» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ መኖራቸውን ከመፈረማችሁ በፊት እዩ። ለወኪላችሁም ከስንት ብር በላይ እንዳይሄድ አስቀድማችሁ ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት።