ከምርጫው በኋላም በሩን አንኳኩ

(ጅማ ከተማ ውስጥ ለመራጮች ትምህርት በጎ ፈቃደኞች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ። አካም ቡልታን። አሰላሙ አለይኩም።

ወንበር ያላገኛችሁ ልጆች፣ ከኋላ ባለ ሦስት እግር የጅማ ዱካ ደርድረንላችኋል፤ ተቀመጡ። ወለሉ ቢጎረብጥም አይወላገድም። እኔ ከምክር ቤት ወንበር ይልቅ የምተማመነው በእሱ ነው።

የተከበራችሁ የእድርና የአፎሻ ዳኞች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ እናቶች፣ ነገ ጠዋት በየሰፈሩ የምትወጡ በጎ ፈቃደኞች፤ አዘጋጆቹ «ጋሼ፣ ስለ መራጮች ተሳትፎና ስለ መልካም አስተዳደር 15 ደቂቃ ይናገሩልን» አሉኝ። ለጡረተኛ መምህር 15 ደቂቃ ማለት ስም ጠርቶ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ በአንድ ነገር ላይ ብቻ እቆያለሁ።

በ2013 ዓ.ም. እኔም እንደ እናንተ ባጅ አንጠልጥዬ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። ከአዌቱ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ቡና ይቆላሉ። ሰላምታ ሰጠሁ። ቀና ብለው ባጄን አዩና፣

«እርስዎም ለምርጫ ነው የመጡት?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ይግቡ እንግዲህ። ይኸ ቦይ ከተደፈነ ሁለት ክረምት አለፈው። ለምርጫ የሚመጣው ሰው ሁሉ በላዩ ተረማምዶ ነው የሚገባው።»

ጫማዬን አየሁት፤ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ተቀመጥኩ፣ ቡናውም ደረሰ፣ ስለ ምዝገባው አስረዳሁ። በሦስተኛው ቀን ሄደው ተመዘገቡ፤ ሰኔ 14 ቀንም ድምጻቸውን ሰጡ። ስወጣ «እመለሳለሁ፤ የቦዩንም ነገር አብረን እንጠይቃለን» ብያቸው ነበር።

የተመለስኩት በዓመቱ ነው፤ እሱም ለጎረቤታቸው ልቅሶ። ድንኳን ውስጥ አዩኝ። አልተቆጡኝም። ጠጋ ብለው ከአግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝና «መምህር፣ ቦዩ እንዳለ ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም የምለው ጠፋኝ፤ ንፍሮ ያዘገነኝ ልጅ ደርሶ ባይገላግለኝ ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ነገ የምታንኳኩት በር ከኋላው እንዲህ ያለ ታሪክ አለው። ሰው «ብመርጥ ምን ሊለወጥ?» ሲላችሁ ስንፍና ነው፣ አለማወቅ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ጊዜ ከእናንተ በላይ ስለሚያውቅ ነው እንዲህ የሚለው።

በዕድሜ የገፉት የዚህን አገር ምርጫ ከመጀመሪያው ጀምሮ አይተውታል። ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የፓርላማ አባላትን መረጠ። ፓርቲ አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ያስፈልግ ነበር። በዚያው ምርጫ ግን ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። በ1979 ለብሔራዊ ሸንጎ መረጥን፤ የዚያን ጊዜ ወጣት መምህር ነበርኩ፣ ምርጫው ከአንድ ፓርቲ ጥላ ሥር እንዳልወጣ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1997 ደግሞ ሌላ ነው። ገና ሳይነጋ ተሰልፌ ወረፋው የደረሰኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ሰው ቆሎ እየተቃመሰ፣ እየተሳሳቀ ቆመ እንጂ ወደ ቤቱ የተመለሰ አላየሁም። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልዘረዝረውም፤ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። በ2007 ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች አንዱም ለተቃዋሚ አልደረሰም። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ቢጠራጠር አትፍረዱበት። በ2013 ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለመምረጥ መመዝገቡ ነው እንዲያውም የሚገርመኝ።

ታዲያ ምን ትሉታላችሁ? በመጀመሪያ እውነቱን። ያኔ ለእኚያ እናት ያልነገርኳቸው እውነት ይህ ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ቦይ አይጠርግም። በጠቅላላ ምርጫ ሁለት ወረቀት ይሰጣችኋል፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት፣ እኛ ዘንድ ለጨፌ ኦሮሚያ። ሕግ የሚያወጡ፣ በጀት የሚያጸድቁ፣ አስፈጻሚውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች ናቸው የሚመረጡት። ቦዩ፣ ቆሻሻው፣ የመንገድ መብራቱ፣ የመሬት ካርታው የከተማውና የቀበሌው ጉዳይ ነው። የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ2005 ነው። በ2010 መደረግ ሲገባው ተራዘመ፤ ከዚያም ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ። በ2005 ፊደል ይቆጥር የነበረ ልጅ ዛሬ ባጅ አንጠልጥሎ እዚህ ተቀምጧል፤ ለቀበሌው ምክር ቤት ግን አንድ ቀን እንኳ ድምጽ ሰጥቶ አያውቅም። ሰው የሚማረረው በቅርቡ ባለው ቢሮ ነው፣ የሚጠራው ደግሞ ለሩቁ ምርጫ ነው። ይህን ሳትደብቁ ንገሩት። ሲያውቀው የአካባቢ ምርጫው የት ደረሰ ብሎ እሱ ራሱ ይጠይቃል፤ እጩ ሊቀሰቅስ ሲመጣ የሚያፋጥጥበት ጥያቄም ያገኛል። ቦዩ ይጠረጋል ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ። እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ።

ሁለተኛው ዝርዝሩን ማወቅ ነው። «መምረጥ መብትህ ነው» የሚለውን ሬዲዮም ይለዋል። ሰው የሚፈልገው የት ልሂድ፣ ምን ልያዝ የሚለውን ነው። 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ ይመዘገባል። የሚመርጠው በተመዘገበበት ጣቢያ ነው፤ በመርካቶ ተመዝግቦ ወንድሙን ሊጠይቅ አጋሮ የሄደ ሰው አጋሮ ላይ ድምጽ አይሰጥም። አንድ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ አይዝም፤ ስለዚህ «ጎረቤቴ የተመዘገበበት» ሁልጊዜ «እኔ የምመዘገብበት» አይሆንም። የትኛው መታወቂያ ተቀባይነት እንዳለው የምርጫ ቦርዱን መመሪያ አንብባችሁ ሂዱ እንጂ በግምት አትናገሩ። የእናንተ አንድ ግምት አንድን አዛውንት በዝናብ ሁለት ጊዜ ያመላልሳል፤ ሦስተኛ ጊዜ አይመጡም።

ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ወረፋ እንደማይጠብቁ ንገሩ። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ራሱ የሚያምነውን ረዳት ይዞ ይገባል፤ ረዳቱን የሚመርጥለት ሌላ ሰው የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ በአንዳንድ ቤት አባወራው «እኔ ስመርጥ ለሁለታችንም ነው» ይላችኋል፤ የሚስቱንም ካርድ በኪሱ ይዞ። አትከራከሩት፣ በቤቱ አታሳፍሩት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ድምጽ በሚስጥር እንደሚሰጥ፣ እሷም ብቻዋን ከመጋረጃው ጀርባ እንደምትገባ እሷ እየሰማች ንገሩት። ለእሷ ያ ይበቃታል።

የቆጠራውን ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም። ድምጽ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያው ላይ ነው፤ ውጤቱም እዚያው ይለጠፋል። በማግስቱ ሄዶ ግድግዳው ላይ ማንበብ ይቻላል። «ድምጼን የት አደረሱት?» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም፤ ልጁን ይዞ ሄዶ ያንብብ።

አሁን ስለ አካሄዳችሁ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ፤ አንዱ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር ይሁን። ጅማ ውስጥ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዳውሮው፣ ካፋው፣ የሙ፣ ጉራጌው በአንድ ግቢ ይኖራል፤ በሰው ቋንቋ የገባ ሰው በሩ ላይ አይቆምም። ቡና ሲቀርብላችሁ በአቦል ተነሥታችሁ አትውጡ። እውነተኛው ጥያቄ የሚመጣው በቶና ነው፤ ይህ የእኔ ጥናት ነው፣ የትም አልታተመም። ወጣቶቹን ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ይሰሟችኋል፣ ይስማማሉ፣ እንዲያውም አብረን እንዙር ይላሉ። በምርቃና የተገባ ቃል ግን ጠዋት የለም፤ ስለዚህ በማግስቱ በጠዋት ድገሙላቸው። የቡና ለቀማ ሲሆን ደግሞ ቤት ለቤት አትድከሙ፤ ግማሹ ሰው ቡናው ያለበት ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ ነው።

የፓርቲ ነገር። «ማንን ልምረጥ?» የምትል አያት በእርግጠኝነት ታጋጥማችኋለች። ስለምትወዳችሁ ነው የምትጠይቀው፤ ደግሞም ልትነግሯት ያምራችኋል። አትንገሯት። የፓርቲ ቲሸርት አትልበሱ፣ በፓርቲ መኪና አትሳፈሩ፣ የማንንም የምርጫ ካርድ «እኔ ላስቀምጥልዎ» ብላችሁ አትያዙ። እንደዚህ ያለ ገለልተኝነት አይቻልም ለሚለኝ አንድ ምሳሌ አለኝ። አሜሪካ ውስጥ ሴቶች የመምረጥ መብት ለማግኘት ከ70 ዓመት በላይ ታገሉ። እ.ኤ.አ. በ1920 መብቱ በእጃቸው ሊገባ ሲል ግን ማኅበራቸውን ዘግተው ወደ ቤታቸው አልገቡም። በካሪ ቻፕማን ካት ጠሪነት የሴት መራጮች ሊግን መሠረቱ። ሊጉ እጩ አይደግፍም፣ እጩ አይቃወምም፤ አዲስ መራጮችን ያስተምራል። ከዚያም የሚያስቀናኝ ነገር አለ፤ በጎ ፈቃደኞቻቸው በየከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የተባለውን ይጽፋሉ። አይናገሩም፣ አያጨበጭቡም። ይጽፋሉ ብቻ። ሰው ሲጻፍበት እንዴት እንደሚጠነቀቅ የእድር ጸሐፊዎች ታውቁታላችሁ።

እኛ ግን ያደግነው በሌላ ትምህርት ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተብለን ነው ያደግነው። በዚያ ላይ «ሲሾም ያልበላ፣ ሲሻር ይቆጨዋል» ተጨመረበት። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቧቸው፣ አንዱ ለሚገዛው ሰው ፈቃድ ሲሰጥ ሌላው ለተገዢው ሕዝብ ዝምታ ያስተምራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ መሆን አለበት፣ ማንኛውም ኃላፊና ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ይጠየቃል፣ ሕዝብም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ማንሣት ይችላል ይላል። ተረቱ በቃላችን ነው፤ አንቀጹ መጽሐፍ ውስጥ ነው። እኔ እንኳ 30 ዓመት ስነ ዜጋ አጠገብ ባለ ክፍል አስተምሬ፣ አንድ ቢሮ (ስሙ ይቅር) ለአንዲት ማኅተም 11 ቀን ሲያመላልሰኝ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሉኝ እጅ ነስቼ ነው የወጣሁት። ስሜን የጻፈ የለም፣ እኔም ቀኑን አልጻፍኩም። በ12ኛው ቀን ምን ብዬ ልክሰስ?

ስለዚህ ከምርጫው በኋላ ያለውን ሥራ እንዲህ አስቡት። ደብተር ያዙ። ሰፈርተኛው አቤት ያለበትን ቀን፣ የሄደበትን ቢሮ፣ የተሰጠውን መልስ ጻፉ። አዋጅ 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል፤ የቦዩ በጀት ተይዟል ወይ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ወንጀል አይደለም። ቅሬታ ሰሚ ጋ ሂዱ፤ ካልሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ከእድሩ ሁለት ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የእድር ዳኞቻችን በየዓመቱ ሒሳብ ሲያቀርቡ አንዲት ብር ብትጎድል ስንት ሰዓት እንደምንሟገት ታውቃላችሁ፤ ያንን ዓይን ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞ ቢሮው በትክክል የሠራ ቀን፣ ያንንም ጻፉ። በቅንነት የሚሠራ ሠራተኛ እዚህ ከተማ ውስጥ አለ፤ ስሙ ስለማይነሣ ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎቹን ወደ ቀበሌ እያወጣ ከማኅበረሰቡ ጋር በማስተማር ይታወቃል። ተማሪዎች፣ ቆጠራና መጠይቅ ትችላላችሁ፤ የደብተሩን ሥራ ለእናንተ ሰጥቻለሁ። ሰኔ ላይ ትሄዳላችሁ፤ ስትሄዱ ደብተሩን ለሰፈር ልጅ አስረክቡ፣ ሻንጣ ውስጥ እንዳታስገቡት።

እኚያ እናት አሁንም እዚያው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር፤ ከልቅሶው ወዲህ አራተኛ ጊዜዬ ነው። የቦዩን ማመልከቻ ሦስት ሆነን ፈርመን አስገብተናል፤ የገቢ ቁጥሩ ኪሴ ውስጥ ነው። መልስ ገና አልመጣም። ነገ ወደዚያ ሰፈር የሚወጡት ሁለት ልጆች ከእኔ ጋር ይሄዳሉ፤ ከባድ ጫማ አድርጉ። የሌሎቻችሁ የሰፈር ድልድል በሩ አጠገብ ተለጥፏል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ላይ ውሰዱ። ጠዋት 2 ሰዓት እዚሁ እንገናኝ።

ገለቶማ። አመሰግናለሁ።