ተመልሳ የምትመጣ ሮኬት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ ተማሪዎችና ወላጆች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤ እንኳን ወደ አዳማ፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

ዘንድሮ አዳራሹን ስቃኝ ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘኝ ለረጅም ጊዜ ርቀው የቆዩ ወዳጆቻችንን ማየቴ ነው። ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ ማሳደግ፣ አንዳንዶቻችሁን ደግሞ የውጭ አገር ኑሮ ከሞዴል ሮኬት፣ ማለትም ትንንሽ ሮኬት ሠርቶ ከማስወንጨፍ፣ ለያይቷችሁ ነበር። አሁን ልጆቻችሁን አስከትላችሁ መጥታችኋል። የዛሬ ንግግሬ በተለይ ለእናንተ ነው።

ርቆ የቆየ ሰው ሲመለስ መጀመሪያ የሚመኘው ከፍታ ነው። በልጅነቱ አቅሙ ያልፈቀደለትን ትልቅ ሞተር ይፈልጋል። ምኞቱ ይገባኛል። እኔ ግን ከትንሿ ጀምሩ እላለሁ፤ ይህ ሥራ ሲወለድም ትልቁ ጥያቄ ሮኬቷ እንዴት በደህና ትመለስ የሚል ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያዋ ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ ወደ ጠፈር ስትወጣ ብዙ የአሜሪካ ወጣቶች በየጓዳው ነዳጅ እየቀላቀሉ በብረት ቱቦ ይጠቀጥቁ ጀመር፤ የተጎዱም ነበሩ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ግን በኔብራስካ የጫማ መደብር የነበረው ኦርቪል ካርላይል ከወንድሙ ከሮበርት ጋር በፓራሹት የምትወርድ፣ ሞተሯ ተቀይሮ እንደገና የምትበር ቀላል ሮኬት ሠርቶ ነበር። ሃሪ ስታይን የተባለው የሮኬት መሐንዲስ ይህን አይቶ የደኅንነት ደንብ ጻፈለት። የደንቡ ፍሬ ነገር ዛሬም ያው ነው። ነዳጅ በእጅ አይቀላቀልም፣ አካሏ ከወረቀት፣ ከባልሳ እንጨት ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል፣ የሚለኮሰው ከርቀት በኤሌክትሪክ ነው፣ መመለሻ የሌላት ሮኬት አትነሳም።

አሁን ወደ እኛ ነፋስ ልምጣ። ከከተማችን ዳር ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ኃይል ተርባይኖች፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 51 በሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተተከሉት፣ እዚህ የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 150 ሜትር የወጣች ሮኬት በፓራሹት በሰከንድ 4 ሜትር ብትወርድ መሬት ለመድረስ 37 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ነፋሱ በሰከንድ 6 ሜትር ከሆነ ከ220 ሜትር በላይ ይወስዳታል። ከፍታውን ወደ 300 ሜትር አሳድጉትና ርቀቱም እጥፍ ይሆናል፤ ያኔ ሮኬቷ ያለችው ከሜዳችን ወጥታ የሰው ማሳ ውስጥ ወይም የሰው ጣሪያ ላይ ነው። በሞተሩ ላይ የተጻፈው ፊደል በአንድ ደረጃ ሲያድግ የኃይሉ ጣሪያ በእጥፍ ያድጋል፤ ከ‹ኤ› ወደ ‹ሲ› መዝለል ማለት አራት እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምንኖር አየራችን ከባሕር ወለሉ ይሳሳል፣ ሮኬቷም በዚያው ሞተር ትንሽ ከፍ ትላለች። ስለዚህ ለአዳማ ሰማይ ትንሽ ሞተርና ጠባብ ፓራሹት፣ ካስፈለገም በፓራሹቱ ፋንታ ረጅም ሪባን እመርጣለሁ። ክንፎቿንም አታግዝፏቸው። ክንፈ ሰፊ ሮኬት አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ ወደዚያው ትጋደማለች።

ብዙዎቻችሁ የድሮ ካርቶናችሁን ከቁም ሳጥን አናት አውርዳችኋል ብዬ እገምታለሁ። ከመብረራችሁ በፊት ሮኬቷን በጥሞና መርምሯት። አፍንጫዋን ከቱቦው ጋር የሚያያይዘውን ላስቲክ ሳብ አድርጉት፤ ከደረቀ ይበጠሳል። ታጥፎ የኖረ የፕላስቲክ ፓራሹት እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ዘርግታችሁ ታልክ ፓውደር ነስንሱበት። የክንፎቹን ሥር በጥፍራችሁ ፈትሹ፤ ሙጫው ተሰንጥቆ ከሆነ እንደገና አጣብቁ።

ስለ ቆየ ሞተር ግን አጥብቄ ላስጠንቅቅ። ባሩዱ የታመቀው በወፍራም የወረቀት ቀፎ ውስጥ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ሲግል ማታ ሲቀዘቅዝ ባሩዱና ቀፎው እኩል አይለጠጡም፣ እኩል አይሰበሰቡም። ባሩዱ ከቀፎው ይላቀቃል ወይም ይሰነጠቃል፤ ውጭውን አይታችሁ ምንም አታውቁበትም። ሲለኮስ እሳቱ በወጉ ደረጃ በደረጃ መንደዱን ትቶ በስንጥቁ ይገባና ብዙ ቦታ በአንዴ ያቀጣጥላል፤ ቀፎው ግፊቱን አይችልም፣ ይፈነዳል። የት እንደኖረ የማይታወቅ ሞተር በእኛ ሜዳ አይለኮስም። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ይፈርሳል። አዲስ ሞተር ደግሞ ያለ ፈቃድ አንነካም፤ ይህ በማኅበራችን የማይነቃነቅ ነገር ነው።

ከእናንተ መራቅ ወዲህ ብዙ መልካም ነገር መጥቷል። ድሮ የሮኬትን የግፊት ማዕከል፣ ማለትም የአየሩ ግፊት ተደምሮ የሚያርፍባትን ነጥብ፣ ለማወቅ የጎኗን ቅርጽ ከካርቶን ቆርጠን በጣታችን ላይ እናመዛዝን ነበር። የሮኬት መሐንዲሱ ጄምስ ባሮውማን እ.ኤ.አ. በ1966 ለሞዴል ሮኬት ሠሪዎች ያቀረበው ስሌት ዛሬ ኦፕንሮኬት በተባለ ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ይገኛል፤ ተማሪዎቻችን በላፕቶፕ በደቂቃዎች ይሠሩታል። የክብደት ማዕከሏ ከግፊት ማዕከሏ ቢያንስ በአንድ የቱቦ ወርድ ወደ አፍንጫዋ መቅረብ አለበት የሚለው ሕግ ግን አልተለወጠም። እናንተ ደግሞ ኮምፒውተሩ የማይሰጠውን ታውቃላችሁ። ሞተሯን የጫነች ሮኬት በክብደት ማዕከሏ በክር አስሮ በራስ ላይ ማሽከርከር፣ አፍንጫዋ ቀድሞ ሲሄድ ወይም ጭራዋ ሲዋዥቅ በዓይን መለየት፣ ይህ የሚተላለፈው ጎን ለጎን ቆሞ በማሳየት ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። እያንዳንዳችሁ አንድ ተማሪ ያዙ። ተማሪዎችም ጋሼ፣ እትዬ ብላችሁ ጠጋ በሏቸው፤ አትፈሩ። የባሩድ ሞተር በሌለበት ጊዜ በውሃ ሮኬት ሥሩ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲሶውን ውሃ ሞልታችሁ በብስክሌት ፓምፕ ነፋ ማድረግ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ግን ስስ ስለሆነ ግፊት አይችልም፤ ሁለት ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ተጠቀሙ።

የነገው በረራ ማለዳ ይጀመራል። የነፋስ መለኪያው ከማስወንጨፊያው አጠገብ ይቆማል፤ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ካለፈ ማንም አይለኩስም፣ እኔንም ጨምሮ። ተመልካች ከተከለለው ገመድ ወዲህ ይሁን፣ ቆጠራውን ልጆቹ ይቁጠሩ።

ጉባኤያችን መከፈቱን በደስታ እገልጻለሁ። አመሰግናለሁ።